ተነሱ ሲባሉ የቆሙት ሰዎች

ከወላይታ ሶዶ ከተመለስኩ ወዲህ ደብረ ብርሃን ላይ ያገኘኝ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀኝ ስለ ጥሬ ሥጋው ነው። በልቻለሁ፤ የሚወራለትን ያህል ነው። ይህን ካልኩ ወደ ሥጋ ወሬ አልመለስም፤ እኔን ሶዶ ድረስ የወሰደኝ የፎቶ ጉዳይ ነውና።

እዚሁ ከተማችን ውስጥ በአንድ አነስተኛ ማተሚያ ቤት የመጻሕፍት ገጽ አቀናባሪ ነኝ። ገና አዲስ ሠራተኛ ሳለሁ ከቁርጥራጭ ወረቀት ክምር ውስጥ ጥራዙ የላላ አንድ መጽሐፍ አገኘሁ። የማን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ አልነበረም። ከዳር እስከ ዳር ፎቶ ብቻ ነው፤ የማላውቀው አገር ዓሣ አጥማጆች፣ ጀልባዎቻቸው፣ ሚስቶቻቸው። ቃል የሚባል የለበትም። ቤት ወስጄ እንደ ልብ ወለድ አነበብኩት። አንድ ገጽ ላይ ጀልባ ወደ ባሕር ይገባል፤ ቀጥሎ ያለው ገጽ ላይ ማንም ያልተቀመጠበት ወንበርና ያልተነካ ምግብ አለ። ማንም ምንም ሳይነግረኝ አለቀስኩ። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፎቶ ከዓመት በኋላ የሚያየው የለም፤ ከሰዓቱና ከቀን መቁጠሪያው ጋር አብሮ ይረሳል። መጽሐፍ ውስጥ ያለ ፎቶ ግን ተከድኖ ይቆይና ስትገልጡት እንደ አዲስ ይመጣል፤ ፊት ለፊቱ ካለው ፎቶ ጋርም ይነጋገራል። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ሳልሠራ መሞት አልፈልግም እል ነበር።

ዕድሉ የመጣው በብስኩት ቆርቆሮ ነው። የእናቴ ወንድም አጎቴ መኩሪያ በወጣትነቱ ካሜራውን ይዞ ሶዶ ወረደ፤ ፎቶ ቤት ከፈተ፤ እዚያው አገባ፤ እዚያው ሞተ። ባለፈው ዓመት ባለቤቱ እትዬ ወርቄ የፎቶ ቤቱን የፊት ክፍል ሲያከራዩ ኔጋቲቮቹን በብስኩት ቆርቆሮ አሽገው ለእናቴ ላኩላት። እናቴ ደግሞ «ይህ ያንቺ ነገር ነው» ብላ ለእኔ ሰጠችኝ።

ከኔጋቲቮቹ መካከል አጎቴ «የተበላሹ» ብሎ ለብቻ የጠቀለላቸው ነበሩ። ታሪካቸውን ቤተሰባችን ሁሉ ያውቀዋል፤ አጎቴ አገር ቤት በመጣ ቁጥር ሲያስቀን የኖረበት ቀልድ ነው። ጉርድ ፎቶ የሚፈልገውን ገበሬ በርጩማ ላይ ያስቀምጠዋል፣ አገጩን ቀና ያደርግለታል፣ ካሜራው ጀርባ ይቆምና «በሉ እንግዲህ፣ ይነሱ!» ይለዋል። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው የሆነ ሰው ይነሱ ሲባል ምን ያድርግ? ይነሳል። እሱ ብድግ ሲል የአጎቴም ጣት ይጫናል። ፎቶው ላይ ሰውየው አልቆመም፣ አልተቀመጠም፤ ጉልበቱ እንደታጠፈ፣ እጆቹ በርጩማውን ለቀው፣ ፊቱ በእንቅስቃሴ ትንሽ ደብዝዞ ቀርቷል።

እኔ ግን ሳያቸው ሳቄ አልመጣም። አንድ የሚወዱት ሰው በር ላይ ደርሶ ስማቸውን የጠራቸው ይመስላሉ። እነሱን ብቻ መርጬ፣ ዳራቸውን አስተካክዬ፣ በማተሚያ ቤት ዳሚ የምንለውን፣ ከመታተሙ በፊት በእጅ የሚጠረዝ ናሙና ሠራሁ። እናቴ አገላብጣ አየችውና፣ «ግሩም ነው። ግን ወርቄ እሺ ካላለች አንድ ገጽ አታትሚም» አለችኝ። እንቢ ካሉ የዕድሜዬ ምኞት ከቆርቆሮው ጋር መሳቢያ ውስጥ ሊቀር ነው። ስለዚህ ዳሚውን በቦርሳዬ ይዤ ሄድኩ።

ረቡዕ

ደብረ ብርሃን እንደ ልማዷ ጉም ለብሳ ነው የሸኘችኝ። እናቴ የገብስ ቆሎና ጋቢ አስያዘችኝ፤ «ሙቀት አገር ነው የምሄደው» ብላት አልሰማችኝም። አዲስ አበባ የአክስቴ ልጅ ቤት አደርኩ። ዳሚውን አይታ፣ «ይህን ሁሉ ስልክሽ ላይ አድርገሽ ብትልኪላቸው ምን ነበረበት?» አለችኝ። ገጽ መግለጥ ማለት ምን እንደሆነ ላስረዳት ሞከርኩ። ሻይ ጠጥተን ተኛን።

ሐሙስ

ቡታጅራን፣ ቀጥሎም ሆሳዕናን አልፈን ወደ ወላይታ ስንቃረብ ቤቶቹ መደበቅ ጀመሩ። በእኛ አገር ቤት ሜዳ ላይ ብቻውን ቆሞ ከሩቅ ይታያል፤ ማን ገባ ማን ወጣ አገር ያያል። እዚህ እያንዳንዱ ቤት ከእንሰት ጀርባ ነው፤ ጣሪያው ጫፍ ብቻ ብቅ ይላል። አፈሩ ቀይ ነው። ባለፈው ሳምንት የዘነበው ዝናብ ገና ከመሬት አልጠፋም፤ ሽታው በመስኮት ይገባል።

አረካ ስንደርስ አውቶብሳችን ተበላሸ። ሹፌሩ መኪናው ሥር ገብቶ ወጣና ፊቱን አይቶ ያልገባው ተሳፋሪ አልነበረም። መንገድ ዳር ትንሽ ሱቅ ያላት ሴት ፀሐይ ላይ መቆሜን አይታ መቀመጫ ዱካ አወጣችልኝ፤ ቀጥላም አቮካዶ ለሁለት ገምሳ በማንኪያ ሰጠችኝ። እንግዳ መሆኔን እንጂ ማን መሆኔን አልጠየቀችም። እኛ አገር ደግነት የለም ማለቴ አይደለም፤ በብርዱ ምክንያት በራችን የተዘጋ ነውና ደግነታችን እስኪንኳኳ ይጠብቃል።

ወደ ሶዶ የሚሄድ ሚኒባስ ተገኘና ተጠቅጥቀን ገባን። አጠገቤ የተቀመጡት እናት በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ታቅፈዋል። መኪናው ሲዘል ቅጠሉ ተፈታና ቅቤው ከቦርሳዬ ውስጥ ብቅ ባለው ዳሚ ሽፋን ላይ ተለጠፈ።

«ውይ ልጄ! ቅቤው መጽሐፍህን በላው!» አሉ። ወዲያው በነጠላቸው ጫፍ ቢጠርጉት ጭራሽ አሰፉት። በሶዶ አማርኛ «አንተ» እና «አንቺ» አንዳንዴ ቦታ ይለዋወጣሉ፤ ወዲያው ለመድኩት፤ እንዲያውም ወደድኩት።

«ምንም አይደለም እናቴ» ብዬ ሽፋኑን ስገልጠው አንገታቸውን አስግገው አዩ።

«ይሄ ሰውዬ ወዴት ነው የሚሄደው?»

«የትም አይሄድም። ፎቶ ሊነሳ ነው።»

«ታዲያ ለምን ተነሳ?»

«ይነሱ ተብሎ ነዋ።»

ትንሽ አሰቡ። ከዚያ ጉዳዩ ገባቸውና ሳቃቸውን ለቀቁት። ለሚኒባሱ ሁሉ በወላይትኛ ተረጎሙት፤ ሹፌሩ ሳይቀር ሳቀ። ዳሚው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የደራሲ ኩራት ተሰማኝ። እትዬ ወርቄም እንዲሁ ይስቃሉ፣ ነገሩ አለቀ ደቀቀ ብዬ ሶዶ ገባሁ። ዳሞታ ተራራ ግማሹ ደመና ውስጥ ነበር። ደክሞኝ ስለነበር መናኸሪያው አጠገብ ፔንሲዮን ይዤ ተኛሁ።

ዓርብ

ፔንሲዮን ማደሬ ወንጀል ኖሯል። እትዬ ወርቄ በሩን ከፍተው፣ አገላብጠው ስመውኝ፣ «የት አደርሽ?» አሉኝ፤ ነገርኳቸው። ነጠላቸውን አንስተው ቀድመውኝ ወጡ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው፤ ቀጭን፣ ፈጣን። ፔንሲዮኑ ስንደርስ የእንግዳ መቀበያዋን ልጅ፣ «ይቺ የመኩሪያ የእህቱ ልጅ ናት። ቤት አላት» አሏት። ልጅቷ ከእኔ ይልቅ ለእሳቸው አደላች፤ «ትክክል ናቸው እኮ» ብላኝ ቁልፌን ተቀበለች። ቦርሳዬን ልሸከም ብል በጄ አላሉም፤ ራሳቸው አንጠልጥለውት ተመለስን።

የፎቶ ቤቱ የፊት ክፍል አሁን የሞባይል መጠገኛ ነው። ከኋላ ያለው ክፍል የእሳቸው መኖሪያ ሲሆን፣ ጓዳውን ከመኝታው የሚለየው መጋረጃ በቀለም የተሳለ ሐይቅ አለበት። አጎቴ ደንበኞቹን ከፊቱ የሚያስቀምጥበት ሸራ ነው። ስንት ሙሽራ ቆሞበት ያለፈ ሐይቅ አሁን ድስትና ሰሐን ይጋርዳል። ስዳስሰው አይተውኝ፣ «ውኃው ደርቋል» ብለው ሳቁ።

ጾም ስለነበር ምሳ የተቀቀለ ቦይና ከዳጣ ጋር ቀረበልን። ቦይና ጎደሬ ነው፤ ለስላሳ፣ ሆድ የሚይዝ። ዳጣ ደግሞ ከቃሪያና ከቅመም የሚፈጭ ማጣፈጫ ነው። እኔ የሸዋዋ ሴት፣ አዋዜ ያሳደገኝ፣ ምን ሊያደርገኝ ብዬ አብዝቼ ጠቀስኩ። እንባዬ እስከ አንገቴ ወረደ። እትዬ ወርቄ ሙዝ ልጠው አጎረሱኝና፣ «ለአጎትሽም የመጀመሪያ ቀን እንዲሁ ነው ያጎረስኩት» አሉ።

ሁሉም ነገር እንዲህ ሰምሮልኝ ሳለ ነው ዳሚውን ያቀረብኩት። እጃቸውን ታጥበው፣ አድርቀው፣ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ገጽ በገጽ ገለጡት። አልሳቁም። መጨረሻ ላይ ሲደርሱ ከደኑትና የቅቤውን እድፍ በጣታቸው ነካ አደረጉት።

«አይሆንም» አሉ።

«ለምን፣ እትዬ?»

«ሙሽራ ሆኜ ደብረ ብርሃን የመጣሁ ጊዜ መኩሪያ ይሄንኑ አወራ። ቤት ሙሉ ሰው ሳቀ። ፈጣን አማርኛ ያኔ ብዙም አይገባኝም፤ በማን እንደሚሳቅ ግን ገባኝ። የኔ ሰዎች ናቸው እነዚህ። ያኔ በቤት ውስጥ ነው፤ አሁን ደግሞ በመጽሐፍ?»

«እኔ እኮ ለማሳቅ አይደለም የሠራሁት። ስለሚያምሩ ነው።»

«አንቺ አትስቂም። የገዛው ሰው ይስቃል።»

የሚኒባሱ ሳቅ ትዝ አለኝ። ትናንት የኮራሁበት ሳቅ ዛሬ አሳፈረኝ።

ቅዳሜ

ጠዋት እትዬ ወርቄ ገበያ ይዘውኝ ወጡ። ጥቂት እንራመዳለን፣ አንድ ሰው «ሳሮ!» ይላል፣ ቆመን እጅ ተጨባብጠን የልጅ የከብቱ ደኅንነት ይጠየቃል፣ ደግሞ ጥቂት እንራመዳለን። በደብረ ብርሃን ብርድ ሰላምታችን ከጋቢ ውስጥ አገጭ ነቅነቅ ማድረግ ነው፤ እዚህ ግን የቲማቲም መግዣ መንገድ ግማሽ ቀን ፈጀ። ሁለት ቤት ለቡና አስገቡን። በሁለቱም ቤት ግድግዳ ላይ የአጎቴ ሥራ ተሰቅሎ አየሁ፤ ሐይቁ ከኋላ፣ ሰዎቹ ከፊት ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ፣ ፊታቸው የረጋ። ብድግ ያለ አንድም ሰው የለም።

ወደ ቤት ስንመለስ ጠየቅኳቸው። «እትዬ፣ የሚነሱት ሰዎች ከጊዜ በኋላ ለምን ቀሩ?»

«እኔ ስገባ ነዋ» አሉ፣ ይህን አለማወቄ እየገረማቸው። «ካሜራው ጎን እቆማለሁ። እሱ 'ይነሱ' ሊል አፉን ሲከፍት እኔ 'ኡታ' እላለሁ፤ ቁጭ በሉ ማለት ነው በኛ ቋንቋ። በኋላ እሱም ለመደው፤ 'ኡታ፣ ኡታ' ይል ነበር፣ በዚያ በሸዋ ምላሱ። ኮት የምቆልፈው እኔ፣ የሚያለቅስ ሕፃን የማባብለው እኔ፣ ኔጋቲቩ ላይ ነጥብ የማጠፋው እኔ። ፎቶ ቤቱ የሁለታችን ነው።»

ይህን ማንም ነግሮኝ አያውቅም። በቤተሰባችን ወሬ ውስጥ ፎቶ አንሺው አጎቴ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ያገባት ሴት ናቸው፤ በቃ። እኔም ቆርቆሮው ውስጥ ከነበሩት ቁጭ ያሉትን ሁሉ «የተለመደ ነው» ብዬ ወደ ጎን አድርጌያለሁ።

ከምሳ በኋላ ምን ነክቶኝ እንደሆነ እንጃ፣ ስለዚያ ስለ ዓሣ አጥማጆቹ መጽሐፍ አወራኋቸው። ስለ ባዶው ወንበር። ስለማለቀሴ። ፎቶ ብቻውን ሲሆን ዝም እንደሚል፣ ከጎኑ ሌላ ሲመጣለት ግን እንደሚናገር። በጥሞና ሰሙኝና፣ «እስቲ መልሰሽ አምጪው» አሉ። በዚህኛው ጊዜ መነጽራቸውን አደረጉ።

መሃል ላይ ቆሙ። ጢማቸው ነጣ ያለ፣ ቡሉኮ የለበሱ ሽማግሌ ፎቶ ነው። ከርጩማው ግማሽ ተነስተው፣ ወደ ጎን ዞረው፣ ዓይናቸው ፈጦ፣ ብቻቸውን። ከመጽሐፉ ሁሉ የምወደው ገጽ ነበር፤ ድንጋጤያቸው ሆዴን ይበላኝ ነበር።

«አባቴ» አሉ እትዬ ወርቄ።

አላውቅም ነበር። እሳቸው ግን ፎቶውን ትተው የገጹን ጠርዝ በጣታቸው ይከተላሉ፤ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ። ከዚያ ቀና አሉ። በጣም ሲናደዱ ሴት መሆኔን ይረሱታል።

«እጄን የት አደረግኸው?»

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ትዝ አለኝ። ኔጋቲቩ ላይ በቀኝ ጠርዝ በኩል የሽማግሌው ትከሻ ላይ ያረፈ እጅ ነበር። ባለቤት የሌለው፣ ድንገት የገባ እጅ መስሎኝ ቆረጥኩት። ገጹ እንዲጠራ። ማንኛውም አቀናባሪ የሚያደርገውን ነው ያደረግኩት።

«ተበላ ከሚባለው አገራችን ድረስ ለመታወቂያ ፎቶ አብሬው የመጣሁት እኔ ነኝ» አሉ። «ሲነሳ 'አባ፣ ኡታ!' ብዬ ትከሻውን ያዝኩት። መኩሪያን ያየሁት ያን ቀን ነው። መጽሐፍህ እኔ ከመምጣቴ በፊት ያበቃል፤ አንዲቷ የገባሁባት ላይ ደግሞ ቆረጥከኝ።»

ዳሚውን ከድነው ሰጡኝና ሐይቁን ገልጠው ጓዳ ገቡ። ቅስሜ ተሰበረ።

እሑድ

ከቅዳሴ መልስ፣ አገር ሰላም ነው በሚል ድምፅ፣ «ወንድሜ ዳና ጋ እንሂድ፤ ያ ፎቶ ሙሉው እሱ ቤት አለ። ልታይው ይገባል» አሉኝ። ሴትነቴ ተመልሶልኛል ብዬ በልቤ ደስ አለኝ።

ተበላ ከሶዶ በስተደቡብ ዝቅ ያለ አገር ነው። ሚኒባሱ በወረደ ቁጥር ሙቀቱ እየጨመረ መጣ፤ የእናቴ ጋቢ ሶዶ በመቅረቱ ፈጣሪዬን አመሰገንኩ። ከአስፋልቱ ወርደን በእግራችን ሄድን። ጋሽ ዳና ከእትዬ ወርቄ የሚያንሱ፣ ቁመታቸው ረጅም፣ ነገር የማያስቸኩላቸው ገበሬ ናቸው። ግቢው ድረስ ወጥተው ተቀበሉን። ዶሮ ካልታረደ ብለው ተነስተው ነበር፤ በስንት ልመና በእርጎና በቆሎ ቂጣ ተስማማን።

ፎቶው በሩ ፊት ለፊት ተሰቅሏል፤ በመስታወት፣ ዳሩ ላይ የፕላስቲክ አበባ ተሰክቶበት። ቀርቤ አየሁት። ከቀኝ በኩል፣ ከክንድ ጀምሮ፣ የልጃገረድ እጅ ገብታለች። ቀጭን አምባር አላት። ጣቶቹ ቡሉኮው ላይ ተጫን ብለዋል፤ ሽማግሌው ወደ እጇ ዞረው አፋቸው ሊስቅ ተከፍቷል። ድንጋጤ ብዬ ስሳሳለት የኖርኩት ነገር ድንጋጤ አልነበረም። ልጁ ቁጭ በል ስትለው ደስ ያለው አባት ነው። እኔ ነኝ ምስኪን አድርጌያቸው የኖርኩት፤ በአንድ መቁረጥ።

«አጎቴ የደንበኛ ፎቶ ሁልጊዜ ዳሩን ይቆርጥ ነበር» አልኩ። «ይህን ለምን ተወው?»

ጋሽ ዳና ሳቅ አሉ። «በዚህ ፎቶ እኮ ተጣልተናል። አባታችን ሲሞት ለለቅሶው ፎቶ ፈለግን፤ ዱቡሻ ላይ፣ ሕዝቡ በሚሰበሰብበት ሜዳ፣ ከፍ አድርገን የምንዞርበት። ያለው ይሄ ብቻ ነው። መኩሪያን 'እጁን ቁረጥልኝ፤ ሰው የማን እጅ ነው ይላል' አልኩት። እምቢ አለ። ለመንኩት፤ እምቢ።»

«ምን ብሎ?»

እህታቸውን በጎን አይተው አቀረቀሩ። «አንተ እዚህ እያለህ እንዴት እናገራለሁ?» አሏቸው፣ አንተ እያሉ።

«ተናገር እንጂ!» አሉ እትዬ ወርቄ። «አሮጊት ነኝ፤ ምን አሳፈረህ?»

«'በካሜራው ውስጥ አባትህን እያየሁ ሳለ እጇ ገባች' አለኝ። 'ፊቷን ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው። መጀመሪያ የወደድኩት እጇን ነው፤ እሷን የሚቆርጥ መቀስ የለኝም' አለ። ለወንድም ይሄ ይባላል? አፈርኩ። ፎቶውን ይዤ ወጣሁ፤ ከነእጁ ዞርንበት።»

እትዬ ወርቄ እርጎውን አስቀመጡ። ዓይናቸው ፎቶው ላይ ነው።

«ለኔ አንድ ቀን አልነገረኝም» አሉ በመጨረሻ። «እጄን የተወው ለቀልዱ መስሎኝ ነበር፤ ለሰው እያሳየ እንዲስቅበት። ለኔ የነገረኝ ቀልዱን ብቻ ነው።»

ተነስተው ወደ ጓሮ ወጡ። ልከተላቸው ስል ጋሽ ዳና እጄን ያዝ አድርገው አስቀሩኝ። አጎቴን ብወደውም፣ ያን ቀን ስንት ዓመት ሙሉ ቤታችን ውስጥ ያስቀን የነበረውን አፉን ብይዘው ተመኘሁ።

ሰኞ

ከእንቅልፌ ስነሳ እትዬ ወርቄ አልጋቸውን አንጥፈው፣ ከሳጥን ያወጧቸውን የድሮ ፎቶዎች አልጋው ላይ ደርድረው ጠበቁኝ። ቁጭ ያሉ ሰዎች ናቸው። «ያንተንም ፍታውና አምጣ» አሉኝ። አሁን ግን አልተናደዱም፤ ልባቸው ሌላ ቦታ ስለነበር ነው።

በገዛ እጄ የጠረዝኩትን ዳሚ በቢላ ፈታሁት። ቀኑን ሙሉ አልጋው ዙሪያ ስንሽከረከር ዋልን። ይህን ሥራ ዕድሜዬን ሙሉ ሠርቼዋለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ተከራክሬበት አላውቅም። እሳቸው አንድ ሰው ከርጩማው ብድግ ሲል የተነሳውን ፎቶ ያነሱና ከብዙ ዓመት በኋላ ያው ሰው ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ተቀምጦ የተነሳውን ፈልገው ጎኑ ያስቀምጣሉ። እኔ ደግሞ «ሁለቱን አናጎራብት፤ ይራራቁና አንባቢው ራሱ ያግኛቸው» እላለሁ። አንዳንዱን እኔ አሸነፍኩ፤ አብዛኛውን እሳቸው። ስማቸውን የሚያውቋቸውን የማን ልጅ እንደሆኑ ጭምር አስጻፉኝ፤ ከእያንዳንዱ ፎቶ ሥር እንዲገባ። የማያውቋቸውን ሰዎች ፎቶ ግን ትንሽ ይዘው ከቆዩ በኋላ ነበር የሚያስቀምጡት።

ከሰዓት በኋላ አባታቸውን መሃል ላይ አኖሯቸው። «ከእኔ በፊት ያሉት ይቁሙ፤ ከእኔ በኋላ ያሉት ይቀመጡ። እኔ በዚህ እገባለሁ» አሉ።

ፎቶው ሙሉውን በሁለት ገጽ እንዲዘረጋ አሳየኋቸው፤ አባትየው በግራ ገጽ፣ እጇ በቀኝ ገጽ። «እጥፋቱ ትከሻውን እንዳይበላው ጥራዙን አላላዋለሁ» አልኩ። በጥንቃቄ ሲያዩ ቆዩ።

«ያ የዓርቡ ነገርስ፣ እትዬ? ሰው ቢስቅ?»

«የሚስቅ ይሳቅ። እዚህ ገጽ ሲደርስ ራሱ ዝም ይላል።»

ስለ ፎቶ መጽሐፍ ከዚህ የተሻለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። ይህን ስጽፍ ገጾቹ ማተሚያ ቤት ገብተዋል፤ ቅደም ተከተላቸው አልጋው ላይ እንደነበሩት ነው።

ማክሰኞ

መናኸሪያ ድረስ ሸኙኝ። ዳጣ በጠርሙስ፣ ሙዝና ለእናቴ ቅቤ ይዘዋል፤ ቅቤውን በሦስት ፌስታል ጠቅልለው «መጽሐፉ አጠገብ እንዳታስቀምጪው» ብለው አስጠነቀቁኝ። አውቶብሱ እየሞላ ነበር። የመጽሐፉ የመጨረሻ ገጽ ገና ባዶ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እሳቸውም ያውቃሉ፤ ሌሊቱን ሳስብበት ነው ያደርኩት። በዚያ ሁሉ ዓመት፣ ካሜራው ጎን ቆመው፣ ለብቻቸው የተነሱት አንድ ፎቶ የለም።

«እትዬ፣ ላንሳዎት?» አልኩና ካሜራዬን አወጣሁ።

ዙሪያቸውን ቃኙ። ሻንጣ፣ ማዳበሪያ፣ የሚጮኽ ረዳት። የአንድ መንገደኛ ጆንያ አጠገባቸው ነበር፤ ባለቤቱን በዓይናቸው አስፈቅደው ቁጭ አሉበት። ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ አገጫቸውን ቀና አደረጉ፣ ጉልበታቸውን ገጠሙ። ሕዝብን ሲያስቀምጡ እንደኖሩት ተቀመጡ። ካሜራውን ዓይኔ ላይ አድርጌ ልጫን ስል ግን ሳይነቃነቁ፣ ከንፈራቸውን ብቻ አንቀሳቅሰው ጠየቁኝ።

«እጄ ይታያል?»

«ይታያል፣ እትዬ» አልኳቸው።